ፈጣን ኢንተርኔት በሁሉም ክፍል

ሙስካት፣ ረጀብ 9

ለተከበርሽው እኅቴ፣ ለእትዬ ሩቅያ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ቤታችንን በረካ አያሳጣው፤ የእማዬን ዕድሜ ያርዝምልን፤ ጉልበቷንም ያጽናላት። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ፣ ጤና አለ፣ ሙቀቱም ገና አልባሰም። የእማዬን እጅ ግራ ቀኙን ሳሚልኝ።

ይህን ደብዳቤ ከአንድ ካርቶንና ከሐልዋ ጣፋጭ ጋር ወዲህና ወዲያ የሚመላለሰው ናሶር ያደርስልሻል። ስልክ እያለ ወረቀት ማበላሸት ምን ይሉታል ትይ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ኢንተርኔት ሲበላሽ እንዴት እንደሚጠገን በኢንተርኔት ብነግርሽ ምን ይጠቅምሻል? ደግሞም ስንደዋወል እማዬ ስልኩን ከእጇ ስለማታወርድ እኔና አንቺ ቁም ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ስለዚህ ስልኩ ለእማዬ፣ ደብዳቤው ለእኛ ይሁን።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ራውተር ነው። የኩባንያው ቴክኒሻን ገመዱን ከመንገድ ቤት ድረስ ያስገባል፤ ግድግዳውን ሲበሳ እማዬ እንዳትቆጣ አስቀድመሽ ንገሪያት። ከዚያ ያንቺ ሥራ ቀላል ነው። ቢጫውን ገመድ ከኋላው ለብቻዋ ባለችው ቀዳዳ ሰኪ፤ ጥቁሩን ሶኬት ላይ ሰኪ፤ መብራቶቹ እስኪረጋጉ ጠብቂ። አረንጓዴ ከሆነ እሰየው። ቀይ ሆኖ ከቀረ ንቀዪው፣ ትንሽ ታገሺው፣ መልሰሽ ሰኪው። ከዚህ ሌላ ምንም አትንኪ። በተለይ ከጀርባው መርፌ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ እሷ ከተነካች ያስተካከልኩት ሁሉ ይጠፋል።

የሚቀመጥበትንም ቦታ አስቤበታለሁ። በውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ከተፈለፈሉት ዚዳካዎች፣ አያታችን የቻይና ሳህኖቿን ትደረድርበት የነበረው ትልቁ ውስጥ ይሁን። የክብር ቦታ ነው፤ የሌባም እጅ አይደርስበትም።

ፓስወርዱ ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። ለማንም አይሰጥም። የማስተዳደሪያውን ፓስወርድ ግን እኔ ይዤዋለሁ፤ እዚህ ሆኜ በስልኬ ሁሉን ስለማስተካክል አንቺ በዚህ አትድከሚ። ከእንግዲህ እማዬ ፊቴን በየቀኑ ታያለች። ቤት እንዳለሁ ትቁጠረኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ባድሩ


ላሙ፣ ሻዕባን 2

ለወንድሜ ለባድሩ

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ካለህበት ሜዳውን ያድርግልህ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አሠሪ ይሰውርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ማለቴ እንደ ደህና ሰው ትቆጣለች። እግሯ ያብጣል፤ ስኳሩም ከፍ ዝቅ ይላል። ሐልዋህን ግማሹን ለጎረቤት አደለች፤ ግማሹን ከእኔ ደበቀች።

ስለ ራውተርህ ልንገርህ። አንተ ሰውዬ እዚህ ቤት ተወልደህ ስታድግ ግድግዳውን አይተኸው አታውቅም? የባሕር ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ከክንዴ ይበልጣል። ባልከው ቦታ አስቀመጥነው፤ ዋይፋይህ ከውስጠኛው ክፍል ደፍ ወዲህ አልወጣም። አልጋው ላይ የተቀመጠ ሰው ዓለምን ያያል፤ ደፉን የተሻገረ ምንም የለውም። አንድ ሰሞን እማዬ አንተን ለማየት አንገቷን ዚዳካው ውስጥ አስግጋ ስታወራ ከረመች። ቢ ኑሩ ከጎረቤት ብቅ ብላ "ሸሪፋ፣ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀመርሽ እንዴ?" ብትላት፣ "ልጄ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል፤ ምን ላድርግ?" አለቻት። በሳቅ ፈረስን።

ስለዚህ ሳልጠይቅህ ወደ ግቢው በረንዳ አወጣሁት። እማዬ ደግሞ መብራቱ እንደ ባለጌ ይጠቅሰኛል ብላ የተጠለፈ ጨርቅ ጣለችበት፤ ጋለና ጠፋ። አሁን ጨርቁ ተነስቷል። ለሶላት ስትቆም ግን ፊቱን አዙራ ነው።

ፓስወርዱን ለማንም አትስጪ ያልከውንም ነግሬያታለሁ። "ደጄ የተቀመጠ ሰው ውሃ ቢለምነኝ እከለክላለሁ?" አለችኝ። የደጃችን መደብ፣ ባራዛው፣ ድንጋዩ እስኪሞቅ ድረስ ሰው ይቀመጥበታል፤ ዓሣ አስጋሪው፣ አህያ ነጂው፣ የመድረሳው ደረሳ፣ ሁሉም ስልኩን ይዞ። የጠየቃትን ሁሉ ፓስወርዱን በቃሏ ትነግረዋለች፤ ካልሰማትም ትደግምለታለች።

አንድ ነገር ላንሳና ላብቃ። አባታችን በሽማግሌዎች ፊት "ቤቱ የሩቅያ ነው" ብሎ ነው ዓይኑን የከደነው። በእኛ ዘንድ ቤት የሴት ልጅ ነው፤ ወንድ ሚስቱ ቤት ይገባል እንጂ የእኅቱን ቤት አይወርስም፤ ይህን ለአንተ መንገር ያሳፍረኛል። ወረቀቱ በስምህ የወጣው ያን ጊዜ መሬት ቢሮ የሄድከው አንተ ስለነበርክ ብቻ ነው። "ስመጣ አዞርልሻለሁ" ካልከኝ ስንት ዝናብ ዘነበ። መቼ ነው የምትመጣው? እማዬም የምትጠይቀው እሱኑ ነው። ፊትህን አየችው፤ ደስ አላት፤ ግን አትጠግበውም።

እኅትህ ሩቅያ


ሙስካት፣ ረመዷን 11

ለእትዬ ሩቅያ

ረመዷን ሙባረክ። ጾማችሁን አላህ ይቀበል፤ የእማዬን ግን እሱ ያየዋል፣ ከስኳር ጋር አትጹም በያት። ብትሰማሽ።

ትናንት ስልኬን ከፍቼ ራውተሩ ላይ የገቡትን ሳይ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ስልክ! ቤቱ ውስጥ ያላችሁት ሁለት ናችሁ። አንዱ ስልክ ስሙ "የባሕር አንበሳ" ይላል፤ ማነው ይሄ? ፊልም የሚያወርድ አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ። ለዚህ ነው እማዬ ስታናግረኝ ፊቷ እንደ ተሰበረ መስታወት የሚቆራረጠው። ኢንተርኔት ውሃ አይደለም፤ ውሃም ቢሆን ጉድጓድ አለው፣ ያልቃል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጌያለሁ። ፓስወርዱን ቀይሬዋለሁ፤ አዲሱን ከጀርባ ታገኚዋለሽ፤ ለእማዬ አታሳያት። ደግሞ ከዚያው ራውተር ሁለተኛ ኔትወርክ ከፍቻለሁ፤ ለእንግዳ የሚሆን። የቤተሰቡ ለብቻ፣ የእንግዳው ለብቻ፤ ሥልጡን ሰው የሚያደርገው እንደዚህ ነው። ስሙን ሱልጣን ሃውስ ብዬዋለሁ።

በናሶር እጅ ሦስት ሲግናል ማራዘሚያዎች ልኬያለሁ። አንዱን ምድር ቤት፣ አንዱን ውስጠኛው ክፍል ደፍ ላይ፣ አንዱን ፎቅ ላይ ሰኪ። እርስ በርስ እንዲተያዩ አድርጊ፤ በመሃላቸው ግድግዳ ካለ በሩን ክፈች። ስትጨርሺ በየክፍሉ ስንት መስመር ሲግናል እንደሚያሳይ ጻፊልኝ።

የየክፍሉንም ፎቶ ላኪልኝ። ሲግናል ምን እንደሚያግደው ካላየሁ ማስተካከል አልችልም። በቀን ብርሃን፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ከበር ላይ ቆመሽ አንሺ። አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ ይነጠፍ፤ ጨለማ ቀለም ሲግናል ይመጥጣል። የእማዬ የመድኃኒት ብልቃጦችም ይነሱ፤ ብርጭቆና ብረት ሲግናል ይመልሳሉ። የተንጠለጠለ ልብስም አይኑር።

የዒድ ልብሳችሁን ከዚሁ ጋር ልኬያለሁ። የኢንተርኔቱን ክፍያ ለዚህ ወር ከባራዛው ሰዎች አዋጪና ክፈዪ፤ የሚጠቀሙት እነሱ አይደሉም እንዴ?

ወንድምሽ ባድሩ


ላሙ፣ ሸዋል 6

ለወንድሜ ለባድሩ

ዒድህ የተባረከ ይሁን። አላህ ጾምህንም ሥራህንም ይቀበል። እማዬ ጾመች። የከለከልናት ሁለታችን ነበርን፤ ያልሰማችንም ሁለታችንን ነው።

ያልከውን ሁሉ አደረግሁ። ማራዘሚያዎቹን ሰካሁ፤ የፎቁ ሶኬት በባሕር ጨው ዝጎ ስለነበር አስጠገንኩት። ምድር ቤት ሦስት መስመር፣ በረንዳው አራት፣ ውስጠኛው ክፍል አሁን አራት፣ ፎቅ ሦስት፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ባዶ። ሰገነቱ ላይ የኮኮናት ዛፉ ወደ ዞረበት በኩልም ሁለት ይገባል፤ ድመቷ ትጠቀምበት።

ፎቶዎቹን ናሶር በስልኩ ይዞልሃል። ነጭ አንሶላ ከቢ ኑሩ ተዋስኩ። የእማዬን ብልቃጦች ሰብስቤ ኩሽና አስገባሁ፤ ከሰዓት መርፌዋን ፈልጋ አጥታ ጮኸችብኝ። እኔም "ባድሩ ሲግናል ይመልሳሉ ብሏል" አልኳት። "እኔስ እመልሳለሁ ወይ? ከፎቶው ልውጣ?" አለች። እውነትም ወጣች። በሩ ጋ ቆማ ሳነሳ አየችኝና "ቤቴ እንደዚህ ያምር ነበር ለካ፤ እኛ ስንወጣ" አለች።

ሱልጣን ሃውስ ያልከውን ስም የባራዛው ሰዎች አነበቡላት። "ማነው ሱልጣኑ?" አለች። የባሕር አንበሳ፣ ያ የፈራኸው፣ የመስጊዱ ሙአዚን የልጅ ልጅ ነው፤ "ሱልጣኑ ሙስካት ነው፤ እዚህ የቀሩት እመቤቶች ናቸው" አላት፤ ደስ አላት። ለክፍያው ግን ከእነሱ አላዋጣሁም። ለጠጡት ውሃ ክፈሉ አልልም፤ ኮፍያ ጠልፌ ሸጬ ከፈልኩ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ናሶር ሙስካት ሲያገኝህ እንደ ዱሮው መጋዘኑ ጋ ሳይሆን ከስድስት ሰው ጋር በምትኖርበት ክፍል እንደሆነ ነገረኝ፤ በሥራ ሰዓት። ታምመህ ነው? ለእማዬ አልነገርኳትም። ጉድ ካለ ለእኔ ጻፍልኝ፤ ከእኔ የምትደብቀው ምን አለህ? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ ነኝ።

የቤቱን ወረቀት ነገር ጠይቄህ ነበር። ስለ መስመርና ስለ መብራት ሁለት ገጽ ጽፈህ ለዚያ አንድ ቃል አልተረፈህም። የጨነቀው ሰው ስለማይገናኝ ነገር ያወራል ይባላል፤ አንተ ግን አልጨነቀህም፤ ወይስ?

እኅትህ ሩቅያ


ሙስካት፣ ዙልሒጃ 20

ለእትዬ ሩቅያ

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለእማዬም። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዛ። ደህና ነኝ።

ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ሲግናሉም ደህና ነው። ለራውተሩ አዲስ ማሻሻያ ስለምጭንለት መብራቱ ለጥቂት ጊዜ ብርቱካናማ ይሆናል፤ አትንቀዪው።

በሙሐረም መጀመሪያ አንዲት ሴት ትመጣለች፤ የማውቃቸው ሰዎች ወዳጅ ናት። የሚያደርሳት ደላላው ስዋሌህ ነው፤ የአገር ልጅ ስለሆነ አምኜዋለሁ። ውስጠኛው ክፍል ትረፍ። እማዬ ለጊዜው ምድር ቤት ብትሆን ደረጃም አይኖርባትም፤ ለእግሯም ይሻላል። የሱልጣን ሃውስን ፓስወርድ በሚያምር ጽሑፍ ጽፈሽ አልጋው አጠገብ አስቀምጪላት። እንግዳ ነችና ክብሯን ጠብቂ፤ አንቺን አላስተምርሽም።

ባድሩ


ላሙ፣ ሙሐረም 18

ለባድሩ

ሰላም ላለው ሰላም ይድረሰው።

እንግዳህ መጣች። የእኛ ሰዎች እንግዳ ሁለት ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያ አቀብለው ይላሉ፤ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሙሽራ ያዝኳት። እማዬ በገዛ እጇ ዳቦ ጋገረችላት፤ ዓሣ በኮኮናት ሠራሁላት። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ስዋሂሊም ትሞካክራለች። በሁለተኛው ቀን ግን ጠዋት በረንዳ ላይ መጣችና "ፎጣው ይቀየርልኝ" አለችኝ። ቀየርኩላት። ከሰዓት በኋላ "ፎቅ ላይ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው፤ በሁሉም ክፍል ፈጣን ነው ተብሎ ነበር" አለች። ማን ነው ያለው ብላት ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ።

ቤታችን እዚያ አለ፤ ባድሩ። ሱልጣን ሃውስ ተብሎ፣ በአዳር ሊከራይ። እኔ በእጄ ያነሳኋቸው ፎቶዎች፤ የቢ ኑሩ አንሶላ፣ የአያታችን ዚዳካዎች፣ እማዬ የወጣችበት በር። ከሥሩ "ፈጣን ኢንተርኔት በሁሉም ክፍል" ይላል። ያንን በየክፍሉ እየዞርኩ ስቆጥርልህ የነበረውን መስመር! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለእኔ ነው ለካ። ሶኬቱን ያስጠገንኩት እኔ፣ የእናቴን መድኃኒት ከዓይን የሰወርኩት እኔ፣ ቤቴን ለሰው አሰማምሬ ያቀረብኩት እኔ። አንተማ ምን አደረግህ፤ ከዚያ ሆነህ ስልክህን ነካካህ።

ሴትዮዋን ልውቀሳት? ምን ብዬ? እኔ ለእንግዳ የምሰጠውን ነበር የምሰጣት፤ እሷ ግን የከፈለችበትን ነበር የምትጠይቀኝ። ሁለታችንም አላጠፋንም። በመሃላችን የቆምከው አንተ ነህ።

ከሄደች በኋላ እዚያው ላይ አስተያየት ጻፈች። እማዬ "ያች ልጅ ስለ እኛ ምን አለች?" ብላ ቢ ኑሩን አስነበበቻት። ቢ ኑሩ ከማንበብ በፊት እኔን አየችኝ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ "ቤቱ ውብ ነው። ኢንተርኔቱ አንዳንዴ ይቆራረጣል። አሮጊቷ ሠራተኛ በጣም ደግ ናት፤ ዳቦዋ ይጣፍጣል።" እማዬ "ዳቦውንስ ወዳዋለች" አለች። ከዚያ ወዲህ ሊጥ አልነካችም።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ነበር። አባታችን ሲናዘዝ ከነበሩት ሁለቱ አልፈዋል፤ ሦስተኛው እኔንም አላወቁኝም። ቃዲው ቃልሽን አምንሻለሁ፣ ግን ወረቀት አምጪ አሉኝ። ወረቀቱ ያንተ ነው። ልቅሶዬን ለራሴ አድርጌ ተመለስኩ።

አሁን በግልጽ እጠይቅሃለሁ፤ ቤቴን ትመልስልኛለህ ወይስ አትመልስልኝም? ስለ ራውተር እንዳትጽፍልኝ።

ሩቅያ


ሙስካት፣ ሰፈር 21

ለእትዬ ሩቅያ

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽን አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት።

ቤቱን አልሸጥኩትም። አልሸጥም። ማከራየት መሸጥ አይደለም። ያ ግቢ ለስንት ዘመን ሰው ሲበላበትና ሲተኛበት ኖሯል፤ አንድ ሳንቲም ግን አስገብቶ አያውቅም። የእማዬን መድኃኒት የሚገዛው ማን ነው? የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ አትበይኝ፤ እኔ የማስበው ለእናንተው ነው። ወረቀቱን ወደፊት እናየዋለን፤ አሁን ጊዜው አይደለም።

ለመውሊድ ሳምንት ቤቱ በሙሉ ተይዟል። ሁሉም ክፍል። ይህን ሰዎቹ አስቀድመው ከፍለውበታል፤ የሚመለስ ነገር የለም። አንቺና እማዬ ለእነዚያ ቀናት ቢ ኑሩ ዘንድ ብታድሩ ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። ካልሆነም ምድር ቤት ያለው ዕቃ ቤት ሊጸዳ ይችላል። ስዋሌህ ቁልፍ አለው።

ራውተሩን በተመለከተ፣ እንግዶቹ ብዙ ስለሆኑ ፍጥነቱ ለእነሱ እንዲበቃ የቤተሰቡን ኔትወርክ ለጊዜው ዘግቼዋለሁ። የአንቺም የእማዬም ስልክ አይገባም። መውሊዱ ሲያልፍ እከፍተዋለሁ። አንቺ ምንም አትነካኪ።

እማዬን ሥራ በዝቶበት ነው በያት።

ባድሩ


ላሙ፣ ረቢዑል አወል 24

ለባድሩ

የነቢዩ ልደት ለወደዳቸው ሁሉ የተባረከ ይሁን።

እማዬ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አልፈወስም ያለውን እግሯን ዘርግታ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችህ። መግሪብ ሲደርስ ትደውልላት ነበርና። "ቀይ ሆኗል?" ትለኛለች። አረንጓዴ ነው እላታለሁ። "ታዲያ ለምን አይመጣም?" በመጨረሻ ራሷ እየተንፏቀቀች ሄዳ ነቀለችው፤ ታገሰችው፤ መልሳ ሰካችው። እንዳስተማርከን። መብራቱ ተረጋጋ፤ ፎቅ ላይ ያሉት እንግዶች በደስታ ጮኹ፤ የእሷ ስልክ ግን ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የወረቀቱንም፣ የኪራዩንም፣ የተዘጋባት በእጅህ እንደሆነም። ሌላ ሰው ቢነግራት ይሻል ነበር ይሆናል፤ ሌላ ሰው ግን አልነበረም።

በማግስቱ ከሲዩ የሚመጡት ሴቶች ደረሱ። ታውቃቸዋለህ፤ በየመውሊዱ ያለ ጥሪ የሚመጡ፣ አንተንም በልጅነትህ ያጠቡህ አሉባቸው። ምንጣፋቸውን ተሸክመው ደጃችን ላይ "ሆዲ!" አሉ። በሩን የከፈተው ስዋሌህ ነው። "ሞልቷል" አላቸው። እማዬ ከዕቃ ቤቱ ድምፃቸውን ሰማች። በዕድሜዋ ከዚያ ደጅ የተመለሰ እንግዳ አይታ አታውቅም። ተነሳችና መስገጃዋን ብብቷ ውስጥ አድርጋ፣ እኔን ሳትደገፍ በመሃላቸው አልፋ ወጣች። "ኑ፣ እኔም እንደ እናንተ ማደሪያ እየፈለግሁ ነው" አለቻቸው። ሁላችንም ቢ ኑሩ ዘንድ አደርን፤ ግቢው ውስጥ እግር በእግር ላይ ሆነን።

እኔ ግን ተመልሼ ገባሁ። መርፌዬን ይዤ ያቺን ቀዳዳ ወጋኋት፤ መብራቱ ሁሉ እስኪጠፋ ድረስ ያዝኳት። ሱልጣን ሃውስ ጠፋ። በየክፍሉ ሰው ስልኩን እያነሳ ይወርድ ጀመር። አልዋሽህም፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ብቻ ነበር፤ አንተ በስልክ እየመራኸው ስዋሌህ መልሶ አስተካከለው። እኔ ስምንት ወር ሙሉ የለፋሁበትን እናንተ ሻይ ሳይበርድ ጨረሳችሁት።

መውሊዱ አለፈ። ስዋሌህ ቤቱ አሁንም እንደተያዘ ነገረኝ። እማዬ ከቢ ኑሩ ቤት አልወጣችም፤ እብጠቱ ጉልበቷን አልፏል። ሐኪሙ ለእኔ የነገረኝን እሷ ሳይነግራት አውቃዋለች። ትናንት ከዙሁር በኋላ ጠራችኝና "ሩቅያ፣ የውስጠኛው ክፍል የሌሊት ዋጋው ስንት ነው?" አለችኝ።

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ሁለታችሁንም እዚያ ነው የወለድኳችሁ። አባታችሁም ሲሞት እዚያ ነው የታጠበው። እኔን ሰው ቤት እንዳታጥቡኝ። ጉትቻዬን ሽጪና እንደማንም ከፍለሽ ያዢልኝ።"

ስለዚህ እንደ ደንቡ እጠይቅሃለሁ። የእንግዳዋ ስም ሸሪፋ ቢንት ኦማሪ። የምትገባበት ቀን፣ አላህ ያውቃል፤ ግን ቅርብ ነው። የምትወጣበትም እንዲሁ። ፎጣ ይዛ ትመጣለች። ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። ክፍሉ ያለ ወይም የተያዘ መሆኑን አሳውቀን።

ሩቅያ


ሙስካት፣ ረቢዑል አኺር 17

እትዬ፣

መጋዘኑ ካባረረኝ ዓመት አልፎታል። ልነግርሽ ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አነሳሁ፤ ስለ ገመድና ስለ መብራት መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ፓስፖርቴ ሰው እጅ ነው፤ ለመምጣት አልችልም። የእንግዶቹን ገንዘብ አስቀድሜ ተቀብዬ በልቼዋለሁ። አንድም የቀረኝ የለም። ልመልስላቸው ብል የምመልሰው የለኝም፤ አትምጡ ብላቸው ይከሱኛል።

ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ የተያዙትን ቀናት ሁሉ አየሁ። እንግዶቹን በፎቁም፣ በምድር ቤቱም ልቀይርላችሁ ብዬ ለመንኳቸው፤ ውስጠኛውን ክፍል በፎቶው ወደውት ስለያዙት እምቢ አሉ።

ክፍሉ እስከ ጁማደል አኺር አጋማሽ፣ ገና ሁለት ወር፣ ተይዟል። ከዚያ ወዲያ ያለውን በሙሉ በስሟ ዘግቼዋለሁ፤ ማንም አይገባበትም፤ ጉትቻዋንም አትሽጪ። እጇን ሳሚና ንገሪያት። እስከዚያ ድረስ እንድትቆይ ለምኚልኝ።

ባድሩ